ቀብድ ከመክፈል በፊት መኪናው ምን እንደያዘ ይታይ

የቁም እንስሳት ነጋዴ መኪና ሲያስጭን ብዙ ነገር ያያል። የበሬውን ጥርስና ሻኛ፣ የበጉን ላት፣ በቆዳው ላይ ያለውን ምልክት፣ የጤና ምስክር ወረቀቱንና የኬላ ደረሰኙን አገላብጦ ይመለከታል። ከሹፌሩ መቀመጫ በስተጀርባ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ክሪኩ ይሠራል ወይ? የእሳት ማጥፊያው መቼ ነው የተሞላው? አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን አለ ወይስ ተሰብሮ ተጥሏል? ይህ ሁሉ «የባለመኪናው ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ አስተሳሰብ ነጋዴውን እያከሰረ ነው። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የባለመኪናው ንብረት ብረት ስለሆነ ይታገሣል። የነጋዴው ንብረት ግን ይተነፍሳል፣ ይጠማል፣ ይሞቃል፣ ይረጋገጣል። ሰዓት በገፋ ቁጥር ዋናው ኪሳራ የሚወድቀው በነጋዴው ላይ ነው። ስለዚህ የድንገተኛ ጊዜ መሣሪያ የጭነቱ ወጪ አካል ተደርጎ መታየት አለበት። ሊጠይቀው፣ በዓይኑ ሊያየውና በኪራዩ ድርድር ውስጥ ሊያስገባው የሚገባውም ራሱ ነጋዴው ነው።

የቆመ መኪና ሒሳብ

በአንድ ኤፍ.ኤስ.አር. አይሱዙ ላይ እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 20 በሬዎች ተጭነዋል ቢባል፣ ጭነቱ 6 ቶን ነው። አንድ በሬ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ከሰውነቱ ቢያንስ 300 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። የሃያው ሲደመር 6,000 ዋት ይሆናል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተሰክተው ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ይህን ሙቀት ጠርጎ ይወስደዋል። ሲቆም ግን ሙቀቱ እዚያው በከብቶቹ መካከል ይቀራል። በጎችና ፍየሎች በሁለት ፎቅ ከተጫኑ ደግሞ ቀድሞ የሚታፈነው የታችኛው ፎቅ ነው።

ሞት ባይኖር እንኳ ክብደት ይጠፋል። ያለ መኖና ያለ ውኃ 24 ሰዓት የቆየ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጣ እንደሚችል በሙያው የታወቀ ነው። ከ6 ቶን ላይ 5 በመቶ 300 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ሙሉ በሬ ነው። በሬው አልሞተም፣ አልተሰረቀም፤ ሲቆጠርም ሃያው ሃያ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን አሥራ ዘጠኝ ሆኗል። በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያም ቢሆን ሆዱ የተጣበቀና ዓይኑ የሰረጎደ ከብት ስንት እንደሚጣልለት ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ወደ ኳራንቲን ለሚሄድ ጭነት ደግሞ ያነከሰና የቆሰለ እንስሳ ተመላሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እርግጥ ነው፣ መኪናው ባይበላሽም ጉዞ ራሱ ክብደት ይቀንሳል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው በግማሽ ሰዓት ሊፈታ የሚችል የጎማ ችግር ግማሽ ቀን እንዳይወስድ ማድረግ ነው። በዚህ ቀጣና መንገዶች ላይ ይህ ልዩነት የሚወሰነው መኪናው ራሱ በያዘው ዕቃ ነው። ከሚሌ ወደ ጋላፊ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ፣ ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳና በርበራ፣ ከያቤሎ በሜጋ ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም በማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ ሲኬድ ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ሲደረስ ብቻ ነው። በጅቡቲና በበርበራ ጠረፍ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዐረፋ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ትልቁ የጭነት ወቅት ቀዝቃዛውን ጊዜ መርጦ አይውልም።

ሙቀቱን ለመሸሽ ብዙዎች ሌሊት ይጭናሉ። ለከብቱ ውሳኔው ትክክል ነው። ለከብቱ የሚበጀው ሌሊት ግን ለተበላሸ መኪና የከፋው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራቱ የጠፋ የከብት መኪና ከኋላ ለሚመጣ ሹፌር ከጨለማው አይለይም። በጭነቱ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ጠባቂዎችና ረዳቶች መኖራቸው ሲታሰብ ደግሞ ጉዳዩ ከክብደትና ከዋጋ ያለፈ ይሆናል።

ድንጋይ ማስጠንቀቂያ አይደለም

በመንገዶቻችን ላይ የተለመደው የብልሽት ምልክት ቅጠልና ድንጋይ ነው። ረዳቱ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ቅጠል በቀን ከምንም ይሻላል፤ በሌሊት ግን ብርሃን አይመልስም። ድንጋይ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚገለበጥበትም ባለሞተር ብስክሌት ወይም የሌላ ነጋዴ የከብት መኪና ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በቀላል ሒሳብ ይታያል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ 2 ሰከንድ ቢወስድበት 44 ሜትር አልፏል። የተጫነ መኪና ከዚያ በኋላ ለመቆም 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 100 ሜትር ነው። ከመኪናው 10 ሜትር ብቻ ርቆ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን ለዚህ ሹፌር የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ሲያየው መግጨቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከከተማ ውጭ ዋናው ምልክት ከመኪናው ኋላ ቢያንስ 100 ሜትር ይራቅ፤ ይህ በአዋቂ ሰው ወደ 130 እርምጃ ነው። መንገዱ ከሁለቱም አቅጣጫ ስለሚነዳበት ሌላው ከፊት ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመኪናው ጥቂት ሜትር ኋላ ይሁን። መኪናው የቆመው ከኩርባ ወይም ከዳገት አናት ባሻገር ከሆነ ምልክቱ ከኩርባው ወይም ከአናቱ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ሹፌሩ ኩርባውን ከዞረ በኋላ ቢያየው ጊዜ የለውም። በአፋርና በቦረና ሜዳ ነፋስ ቀላሉን ሦስት ማዕዘን ስለሚጥለው እግሩ ከበድ ያለውን መግዛት ይሻላል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። መኪናው በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ፍሬቻዎቹ ሁሉ ይብሩ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከጭነቱ ላይ ያሉ ሰዎች ወርደው ከመንገዱ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ከመኪናው ኋላም ሆነ ፊት አይቀመጡ። ምልክት የሚያስቀምጠው ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ የሚመጡትን መኪኖች ፊት ለፊት እያየ ከአስፋልቱ ውጭ ይሂድ። ሦስት ማዕዘኑን ከፊቱ ይያዘው፤ አንጸባራቂው ገጽ ወደሚመጣው መኪና ይዙር። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከሁሉም በዕድሜ ለሚያንሰው ረዳት ነው፤ ሰደርያው የተገዛው በመጀመሪያ ለእሱ መሆን አለበት።

በሞያሌ በኩል የሚያልፉ ደግሞ ሌላም ነገር ያስታውሱ። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሌላንድና በሱዳን በቀኝ ይነዳል፤ በኬንያ በግራ። መሪው በግራ የሆነ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ዳር ይዞ ሲቆም አላፊው መኪና የሚመጣው በሹፌሩ በር በኩል ነው። ኬንያ ሲገባ በረዳቱ በር በኩል ይሆናል። በሶማሌላንድ ደግሞ በቀኝ እየተነዳ መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች ብዙ ናቸው። በየትኛው በር መውረድ እንደሚሻል ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መነጋገር ነው። በኬንያ ሕግ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን መያዝ ግዴታ መሆኑም አይረሳ።

ክሪክና ሕይወት ያለው ጭነት

ስለ ክሪክ የሚሰጥ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ለሲሚንቶ ጭነት የተሰናዳ ነው። ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም። 6 ቶን በሬ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይመልሳል፤ መኪናው በክሪክ ላይ እያለ ይወዛወዛል። አንዱ ጎን ከፍ ሲል ደግሞ ጭነቱ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። በጎች አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ፤ ከሥር የቀረው ይታፈናል።

ስለዚህ ቦታው ጠፍጣፋና ጠንካራ መሆን አለበት። ዳገት ላይ አይነሣም። የማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ፤ አንድ ድንጋይ በቂ አይደለም። አሸዋማ መሬት ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ። ብሎኖቹ ጎማው መሬት እንደነካ ግማሽ ዙር ይላሉ፤ ከተነሣ በኋላ መታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ክሪኩ የተጫነ መኪና የሚያነሣ ቶን ይኑረው፤ ለቤት መኪና የተሠራ ክሪክ በከብት መኪና ውስጥ ሲገኝ ባዶ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ጎማው ከመሬት የሚላቀቅበትን ያህል ብቻ ይነሣ፤ ወዲያው ከአክሰሉ ሥር ጠንካራ ድጋፍ ይግባ። ማንም ሰው አካሉን ከመኪናው ሥር አያስገባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከብቶቹን በዱላ መንካት፣ መጮህና ከላያቸው ላይ መራመድ ክልክል ይሁን።

ባለቀለበት ቸርኬ ያላቸው መኪኖች ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። ጎማው ከመፈታቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሲነፋም ቀለበቱ ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ የተፈናጠረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

ከብቱን ማውረድ ወይስ አለማውረድ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ለጎማ መቀየር ማውረድ አያስፈልግም። በሌሊት አስፋልት ዳር የተፈታ በሬ ለራሱም ለአላፊውም አደጋ ነው። ብልሽቱ ረጅም ከሆነና ሙቀቱ ከበረታ ግን ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ በገመድና በበቂ ሰው ማውረድ የግድ ይሆናል። የዚህ ጊዜ የሚያድነው መወጣጫ ጣውላ ነው። ከአንድ ሜትር በላይ ከሆነ አልጋ ላይ የሚዘል ከብት እግሩን ይሰብራል። የወረደው መንጋም ከአካባቢው ከብት ጋር እንዳይቀላቀል መጠበቅ አለበት፤ የጤና ምስክር ወረቀት ያለው መንጋ በአንድ የውኃ ገንዳ ላይ የአፍና የእግር በሽታ ይዞ ቢነሣ፣ ከብልሽቱ የባሰ ኪሳራ በኳራንቲን ይጠብቀዋል።

ከብቱ በመኪናው ላይ እንዳለ የሚጠበቅ ከሆነ የጎንና የላይ ሸራ ይከፈት፤ መኪናው መንቀሳቀስ ከቻለም ጎኑ ወደ ነፋሱ እንዲሆን ይደረግ። ለ20 በሬ አምስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ያደርሳል። ይህ የቀን ፍላጎቱን አይሸፍንም፤ ርዳታ እስኪመጣ ግን በሕይወት ለማቆየት ያግዛል።

እሳት

በተደረቡት የኋላ ጎማዎች የውስጠኛው ሲተነፍስ ሹፌሩ ላያውቀው ይችላል። የተነፈሰው ጎማ ከጎኑ ካለው ጋር እየተፋጨ ይግላል፤ በመጨረሻም ይነድዳል። ከላዩ ጭድና ገለባ አለ። ስለዚህ በየማረፊያው ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን ማዳመጥና ሙቀቱን ማየት ከሁሉ የረከሰ መከላከያ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የእሳት ማጥፊያው ለእንዲህ ያለ መኪና 6 ወይም 9 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ቢሆን ይመረጣል። ጠቋሚው አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ። በኮረኮንች መንገድ ዱቄቱ ከሥር ስለሚጠቀጠቅ በየወሩ ገልብጦ ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። የሚቀመጠውም እጅ በሚደርስበት እንጂ ከፍራሽ ሥር ተቆልፎ አይደለም። ሲያስፈልግ ቀለበቱን መንቀል፣ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ፣ በነበልባሉ ላይ ሳይሆን በእሳቱ ሥር እያወዛወዙ መርጨት ነው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ስለሚያልቅ በከንቱ አይባክን። የጎማ እሳት በዱቄት ቢጠፋም ውስጡ የጋለ ስለሆነ ተመልሶ ይነሣል፤ ጀሪካኑ ውኃ ለዚህም ይውላል።

ከማጥፊያው እኩል የሚያስፈልገው የኋላ በር ነው። አንድ ሰው በቅጽበት የማይከፍተው፣ በሽቦ ተጠምጥሞ የታሰረ በር እሳት ሲነሣ የከብቱ መቃብር ይሆናል። ሽቦው በፒን ይተካ፤ ስለታም ቢላም ገመድ ለመቁረጥ ሁልጊዜ በሹፌሩ እጅ አጠገብ ይኑር።

የቀሩት አጭር ናቸው። ባትሪ ለማስነሣት ገመድ ሲገናኝ ባለ12 ቮልት ከባለ24 ቮልት ጋር አይያያዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት። ሞተሩ የጠፋ መኪና የፍሬኑ ኃይል ስለሚቀንስ ከብት እንደጫነ በገመድ አይጎተት።

ታዲያ ለምን አይገዛም?

መሣሪያው የሚታወቅ ከሆነ የሚጎድለው ለምንድን ነው? መልሱ ገንዘቡን ማን ይከፍላል፣ ኪሳራውን ማን ይሸከማል በሚለው ላይ ነው። መሣሪያውን የሚገዛው ባለመኪናው ነው፤ በመዘግየቱ የሚከስረው ነጋዴው ነው፤ መኪናውን የሚያገናኘው ደላላ ደግሞ ድርሻውን የሚቀበለው ሲጫን ነው። ነጋዴው በኪራዩ ላይ አጥብቆ ሲከራከር ባለመኪናው የሚቀንሰው ማንም የማይጠይቀውን ዕቃ ነው። በዚህ አካሄድ የተሟላ መኪና ያለው ሰው በዋጋ ይሸነፋል፤ ባዶ እጁን የሚጓዘው ሥራውን ይወስዳል። ገበያው የሚሸልመው የጎደለውን ነው ማለት ነው።

ኢንሹራንስ ይህን ክፍተት አይሞላም። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ድንበር ሲታለፍም የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ የሚሸፍኑት በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው። በራሱ መኪና ላይ ሙቀት የገደለውን በሬ ዋጋ ለነጋዴው አይመልሱም።

«ዕቃው ይሰረቃል፣ ሹፌሩም ይሸጠዋል» የሚል መቃወሚያ ይሰማል። ይህ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን በቁጥር ማስረከብ ነው። ጤና ምስክር ወረቀት በቁጥር ይሰጣል፣ ከብት በቁጥር ይጫናል፤ ክሪክና ማጥፊያም በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፈው በመድረሻው ሊቆጠሩ ይችላሉ። «ይህ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ፖሊስ የሚቀጣው የጎደለውን መኪና ነው፤ ቅጣቱ የሞተ በሬ አያስነሣም። በየኬላው ክፍያ የተማረረ ነጋዴ ደግሞ በአንድ የጎደለ ሦስት ማዕዘን ምክንያት ሌላ መቆሚያ መፍጠር አይጠቅመውም። «ወጪ በዝቷል» ለሚለውም ነጋዴው ራሱ ገበያ ወጥቶ ይጠይቅ፤ የሦስት ማዕዘኖቹ፣ የሰደርያዎቹ፣ የታኮው፣ የክሪኩ፣ የማጥፊያውና የጀሪካኖቹ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ የሰባ በሬ ዋጋ መብለጡ ያጠራጥራል። ያ በሬ ደግሞ ከላይ እንደታየው በአንድ ረጅም ብልሽት ብቻ በሚዛን ሊጠፋ ይችላል። መሣሪያው ግን ለዓመታት ያገለግላል።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ እንስሳት ጤና ደንብ እንስሳትን በየብስ ስለማጓጓዝ በሚናገረው ምዕራፉ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለድንገተኛ ሁኔታ ዕቅድ እንዲኖር ይመክራል። የገዢ አገሮች ስለ እንስሳት አያያዝ የሚጠይቁት እየጨመረ ሲሄድ ይህ ምክር ወደ ውል ግዴታ መለወጡ አይቀርም። ተገድዶ ከመግባት አስቀድሞ መልመድ ይሻላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ነጋዴው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መቀመጫውን አስነሥቶ ዕቃውን ይይ። የተሟላ ለያዘ ባለመኪና በኪራዩ ላይ ጥቂት ይጨምር፤ ለጎደለው ይቀንስ ወይም ይተወው። የኪራይ ውሉ ላይ የዕቃው ዝርዝር በአንድ መስመር ይጻፍ። የነጋዴዎች ማኅበራት ደግሞ እንደ ሚኤሶ፣ ባቢሌና ዱብሉቅ ባሉ መጫኛ ገበያዎች መወጣጫ፣ ከባድ ክሪክና ማጥፊያ ገዝተው በመያዣ ሊያከራዩ ይችላሉ፤ አንድ ነጋዴ ብቻውን የሚከብደውን ሃምሳ ሲካፈሉት ይቀላል።

ደላላው መኪና ሲያመጣ «ስንት ቶን ይጭናል?» የሚለው ጥያቄ ይቀጥል። ከሱ ቀጥሎ ግን «ክሪኩና ማጥፊያው የታለ?» የሚለው ይጠየቅ። ጥያቄው በየገበያው ከተደጋገመ መሣሪያ የሌለው መኪና ጭነት ያጣል፤ ያን ጊዜ ባለመኪናው ማንም ሳያስገድደው ይገዛዋል።